ቁምስናችን የትኛዋ ናት?

ስለ መኖሪያ ለውጥና ስለ ክርስቲያናዊ ባልንጀርነት የቀረበ አስተንትኖ



አዲስ አበባ ወደ ምሥራቅ መስፋፋት ከጀመረች ብዙ ዓመታት ተቆጥረዋል። ቀድሞ እህል ይዘራባቸው፣ ከብት ይሰማራባቸው የነበሩት ሜዳዎች ከአያት እስከ ቦሌ አራብሳ ድረስ በፎቅ ቤቶች ተሸፍነዋል። እ.ኤ.አ. በ2020 ከቦሌና ከየካ ክፍለ ከተሞች ተከፍሎ የተቋቋመው የለሚ ኩራ ክፍለ ከተማ ለከተማዪቱ 11ኛው መሆኑ ለዚህ መስፋፋት ምስክር ነው። ወደዚህ አካባቢ የመጣው ሕዝብ የመጣበት ምክንያት አንድ ዓይነት አይደለም። አንዱ የጋራ መኖሪያ ቤት ዕጣ ደርሶት፣ ሌላው ጥሪቱን አጠራቅሞ ቤት ሠርቶ፣ ሌላው የመኻል ከተማው ኪራይ ከብዶት፣ ሌላው ደግሞ ነባር ሰፈሩ ፈርሶበት ገብቷል። ከእነዚህ ሁሉ መካከል ካቶሊካውያን ቤተሰቦች ይገኛሉ።

እነዚህ ቤተሰቦች እሑድ ማለዳ አንድ ጥያቄ ይገጥማቸዋል። ቅዳሴ ለማስቀደስ ወዴት ይሂዱ? የተጠመቁባት፣ የተዳሩባት፣ የወላጆቻቸው ጸሎተ ፍትሐት የተደረገባት ቤተ ክርስቲያን በመኻል ከተማ ናት። የሚኖሩበት ሰፈር ምእመናን ደግሞ ቁጥራቸው አነስተኛ፣ መዘምራናቸው ገና የሚለማመዱ፣ የትምህርተ ክርስቶስ መምህራቸውም ምናልባት አንድ ብቻ ነው። ወደ ቀድሞው ይመለሱን? ወይስ በአዲሱ ይተከሉ? በዚህ ጽሑፍ ልንመረምረው የፈለግነው ይህንኑ ነው።

ጥያቄው የምቾት ነው ወይስ የኅሊና?

አንዳንዶች ይህ የኅሊና ጥያቄ አይደለም ይላሉ። እግዚአብሔር በሁሉም ስፍራ አለ፤ ቅዱስ ቁርባንም በየትኛውም መሠዊያ ላይ አንድ ነው፤ ስለዚህ ሰው ልቡ ወደ ወደደበት ቢሄድ ምን ነውር አለበት? ይህ አባባል ከፊል እውነት አለው። በቤተ ክርስቲያን ሕግ መሠረት ምእመን እሑድና በታዘዙ በዓላት በመለኮታዊው ቅዳሴ የመሳተፍ ግዴታ አለበት፤ ሆኖም ይህን ግዴታ የግድ በገዛ ቁምስናው እንዲፈጽም አይገደድም። ከዚህ የተለየ ዘመንም ነበር። እ.ኤ.አ. በ1215 የተካሄደው አራተኛው የላተራን ጉባኤ እያንዳንዱ ምእመን ቢያንስ በዓመት አንድ ጊዜ ኃጢአቱን ለገዛ ራሱ ካህን እንዲናዘዝ አዝዞ ነበር። ያ ጥብቅነት ዛሬ የለም።

ይሁን እንጂ ሕግ ያልከለከለው ሁሉ ለኅሊና ነጻ ነው ማለት አይደለም። ሕግ የሚያስቀምጠው ዝቅተኛውን መጠን ነው፤ ፍቅር ግን ከዚያ አልፋ ትጠይቃለች። አንድ ሰው ለጎረቤቱ ሰላምታ እንዲሰጥ የሚያስገድደው ሕግ የለም፤ ዓመት ሙሉ በአንድ ደረጃ እየወጡና እየወረዱ ሳይተዋወቁ መኖር ግን መልካም ነው የሚል የለም። የቁምስና ጉዳይም እንዲሁ ነው። ከሕግ ፊት ነጻ ብንሆንም ከባልንጀራችን ፊት ገና አልተጠየቅንም።

ሁለት ቃላት፣ ሁለት ትምህርቶች

በአገራችን ቋንቋ ለቤተ ክርስቲያን ከምንሰጣቸው ስሞች አንዱ «ደብር» ነው። ደብር በግዕዝ ተራራ ማለት ነው። ተራራ ከስፍራው አይነቃነቅም፤ ከሩቅ ይታያል፤ መንገደኛ አቅጣጫውን የሚያውቀው በእርሱ ነው። ደብራችን ስንል ልባችን የሚያስበው ይህንኑ የማይናወጠውን፣ አያት ቅድመ አያቶቻችን የቆሙበትን ስፍራ ነው።

የምዕራቡ ዓለም ቋንቋዎች ለቁምስና የሚጠቀሙበት ቃል ግን ከሌላ ሥር የመጣ ነው። «ፓሮይኪያ» ከሚለው የግሪክ ቃል የተገኘ ሲሆን፣ ትርጉሙ በእንግድነት መኖር፣ ከሌሎች አጠገብ በመጻተኝነት መቀመጥ ማለት ነው። የመጀመሪያዎቹ ክርስቲያኖች በአንድ ከተማ የሚገኘውን ማኅበራቸውን በዚህ ስም የጠሩት አገራቸው በሰማይ መሆኑን፣ በዚህ ምድር ግን እንግዶች መሆናቸውን ስለሚያምኑ ነው። ሐዋርያው ጴጥሮስም ምእመናንን እንደ መጻተኞችና እንደ እንግዶች አድርጎ ይመክራቸዋል (1ጴጥ. 2፣ 11)።

እንግዲህ አንዱ ቃል ተራራን፣ ሌላው ቃል መንገደኛን ያሳስበናል። ሁለቱም እውነት ናቸው። የቤተ ክርስቲያን እምነት እንደ ተራራ ጽኑ ነው፤ አማኞችዋ ግን መንገደኞች ናቸው። ችግር የሚመጣው ቦታቸውን ስናለዋውጥ ነው፤ ይኸውም ተራራነቱን ለእምነት ሳይሆን ለለመድነው መቀመጫ ስንሰጠው ነው።

ሲሰደዱ ቤታቸውን ቤተ ክርስቲያን ያደረጉ

በሐዋርያት ዘመን አቂላና ጵርስቅላ የተባሉ ባልና ሚስት ነበሩ። ሥራቸው ድንኳን መስፋት ነበር። ቄሣር ቀላውዴዎስ አይሁድ ሁሉ ከሮሜ እንዲወጡ ባዘዘ ጊዜ ቤታቸውን ለቅቀው ወደ ቆሮንቶስ መጡ (ሐዋ. 18፣ 2-3)። ከዚያም ወደ ኤፌሶን ተሻገሩ። ሐዋርያው ጳውሎስ ወደ ቆሮንቶስ ሰዎች ሲጽፍ በእነርሱ ቤት ያለችው ቤተ ክርስቲያን ሰላምታ እንደምታቀርብ ይገልጻል (1ቆሮ. 16፣ 19)። ቆየት ብሎም እንደ ገና በሮሜ እናገኛቸዋለን፤ በዚያም በቤታቸው የምትሰበሰብ ቤተ ክርስቲያን ነበረች (ሮሜ 16፣ 3-5)።

ልብ እንበል፤ እነዚህ ሰዎች በፈቃዳቸው ሳይሆን በአዋጅ የተነሡ ናቸው። ሮሜን መናፈቅ መብታቸው ነበር። ነገር ግን በደረሱበት ሁሉ በራቸውን ለጎረቤት አማኞች ከፈቱ እንጂ «የእኛ ማኅበር ሮሜ ቀርቷል» ብለው አልተቀመጡም። ከተማ በለወጡ ቁጥር ቤታቸው ቤተ ክርስቲያን ሆነ።

የአገራችንም የካቶሊክ ታሪክ ከዚህ የራቀ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1839 ወደ አገራችን የገባው ቅዱስ ዩስጢኖስ ደ ያቆቢስ፣ ሕዝቡ አቡነ ያዕቆብ የሚለው አባት፣ የሐዋርያነቱን ዘመን ያሳለፈው በአንድ ካቴድራል ተቀምጦ አይደለም። ከዓድዋ ወደ ጓላ፣ ከጓላ ወደ ዓሊቴና፣ ከዚያም ወደ ሐላይና ወደ ሄቦ እየተሳደደ ነው። ጵጵስናን የተቀበለውም እ.ኤ.አ. በ1849 በምፅዋ፣ በሌሊት፣ ያለ ምንም ታላቅ ሥነ ሥርዓት በአቡነ ማስያስ እጅ ነበር። የመንፈስ ልጁ የሆነው ብፁዕ አባ ገብረ ሚካኤል ደግሞ ቤተ ክርስቲያን ሳይሆን ሰንሰለት ተሸክሞ እ.ኤ.አ. በ1855 ዐረፈ። ይሁን እንጂ ከእነርሱ የተወለደው ማኅበረ ምእመናን እስከ ዛሬ ይኖራል።

አቡነ ማስያስም ራሳቸው እ.ኤ.አ. በ1868 ወደ ሸዋ መጥተው፣ በንጉሥ ምኒልክ ዘመን በፊንፊኔ የስብከት ጣቢያ አቋቁመው ነበር። አዲስ አበባ እ.ኤ.አ. በ1886 ከመቆርቆርዋ አስቀድሞ መሆኑ ነው። እ.ኤ.አ. በ1879 ግን ከአገር እንዲወጡ ተደረገ። የዛሬው የአዲስ አበባ ካቶሊካዊ ሕይወት የቀጠለው ስፍራውን የያዘ ስላልተናወጠ ሳይሆን፣ የተናወጡት ሰዎች በደረሱበት እንደ ገና ስለ ጀመሩ ነው። አዲስ አበባ እ.ኤ.አ. በ1961 የመንበረ ሊቀ ጳጳስነት ማዕርግ ያገኘችው በዚህ ሁሉ መንገድ ካለፈች በኋላ ነው። ዛሬ በመኻል ከተማ ነባር የምንላቸው ቁምስናዎች ሁሉ አንድ ቀን አዲስ ነበሩ። አንድ ቀን ጥቂት ሰዎች «እዚህ ማን አለና?» ሳይሉ ስለ ሰበሰቧቸው ነው ለእኛ የደረሱት።

ለነባሪቱ ቁምስና የሚቀርበው ክርክር

ፍርዳችን ሚዛናዊ እንዲሆን ወደ ቀድሞ ቤተ ክርስቲያናቸው የሚመለሱትን ምእመናን ምክንያት በአክብሮት መስማት ይገባናል።

አንደኛው ምክንያታቸው ምስጋና ነው። ያሳደገ አይረሳም። በልጅነት ትምህርተ ክርስቶስ ያስተማረ፣ በችግር ጊዜ ያጽናና፣ በሐዘን ጊዜ ድንኳን የተከለ ማኅበር በቤት ለውጥ ብቻ ሊተው አይገባም። ሁለተኛው ምክንያት መታሰቢያ ነው። ሰው መንፈስ ብቻ አይደለም፤ ዐይንና ጆሮም አለው። የለመደው የቅዳሴ ዜማ፣ የለመደው ደወል፣ እናቱ ትንበረከክበት የነበረው ስፍራ ወደ ጸሎት ያስገቡታል። ሦስተኛው ምክንያት ሥርዓትና ቋንቋ ነው። የግዕዝ ሥርዓት ልጅ በላቲን ሥርዓት፣ የላቲን ሥርዓት ልጅም በግዕዝ ሥርዓት ውስጥ መጀመሪያ እንግድነት ይሰማዋል።

ነቢዩና መዝሙረኛውም በዚህ ነገር እንደ ተነጋገሩ ሆነው ይታዩናል። በባቢሎን ወንዞች አጠገብ የተቀመጡት ምርኮኞች ኢየሩሳሌምን ከመርሳት ቀኛቸው ብትሽባ መርጠዋል (መዝ. 137)። ነቢዩ ኤርምያስ ግን ለእነዚያው ምርኮኞች በላከው ደብዳቤ ቤት እንዲሠሩ፣ ተክል እንዲተክሉ፣ ልጆቻቸውን እንዲድሩ፣ ስለ ተሰደዱባት ከተማ ሰላምም እንዲጸልዩ አዘዛቸው (ኤር. 29፣ 5-7)። ሁለቱም ቃለ እግዚአብሔር ናቸው። አንዱ መርሳትን ይከለክላል፤ ሌላው አለመተከልን ይከለክላል። እንግዲህ ከሁለቱ አንዱን መጣል አይቻለንም። የሚቀረን ጥያቄ ሁለቱን በምን ሥርዓት እንያዛቸው የሚል ብቻ ነው።

ባልንጀራን አለመምረጥ

እ.ኤ.አ. በ1990 የታወጀው የምሥራቅ አብያተ ክርስቲያናት ሕገ ቀኖና ቁምስናን የሚተረጉመው በሕንፃ አይደለም። ቁምስና በሀገረ ስብከት ውስጥ ጸንቶ የተመሠረተ፣ እረኝነቱ ለቆሞስ አደራ የተሰጠ የተወሰነ ማኅበረ ምእመናን ነው ይላል። ቀጥሎም ቁምስና እንደ አጠቃላይ ደንብ በክልል የተወሰነ እንዲሆን፣ በዚያ ክልል የሚኖሩትንም ምእመናን ሁሉ እንዲያቅፍ ያዝዛል። በብሔር፣ በቋንቋ ወይም በመሳሰለው የተለየ ቁምስና ማቋቋም የሚፈቀደው አስፈላጊ ሆኖ ሲገኝ ነው። ከዚያ በፊትም የትሬንቶ ጉባኤ እ.ኤ.አ. በ1563 ምእመናን በታወቁ ክልሎች እንዲመደቡ፣ ለየክልሉም የራሱ እረኛ እንዲኖር አዝዞ ነበር።

ቤተ ክርስቲያን ክልልን ይህን ያህል የወደደችው ለአስተዳደር እንዲመች ብቻ ይሆንን? ከዚህ የጠለቀ ምክንያት ያለ ይመስለናል። በክልል የተወሰነ ቁምስና ባልንጀራችንን እንድንመርጥ አይፈቅድልንም። ጓደኛን እንመርጣለን፤ ማኅበርተኛን እንመርጣለን፤ ጎረቤትን ግን አንመርጥም፤ ይሰጠናል። የሕግ ዐዋቂው ጌታችንን ባልንጀራዬ ማን ነው ብሎ በጠየቀ ጊዜ የተመለሰለት በመንገዱ ላይ ወድቆ ስላገኘው ሰው የሚናገር ምሳሌ ነው (ሉቃ. 10፣ 29-37)። ሳምራዊው የቆሰለውን ሰው አልመረጠውም፤ በሚያልፍበት መንገድ ላይ አገኘው እንጂ። ካህኑና ሌዋዊውም በዚያው መንገድ አልፈዋል። ልዩነቱ አንዱ ያየውን ሰው የእኔ ድርሻ ነው ሲል ሌሎቹ አለማለታቸው ነው።

በአንጻሩ በምርጫ ብቻ የተሰበሰበ ጉባኤ ቀስ በቀስ እርስ በርሱ የሚመሳሰል ይሆናል። ዜማው ለሚጥማቸው፣ ስብከቱ ለሚስማማቸው፣ ኑሮአቸው ለሚቀራረብ ሰዎች መገናኛ ይሆናል። ይህ ክፉ ነገር ባይሆንም፣ ቤተ ክርስቲያን የተባለችው ግን ይህ አይደለም። በለሚ ኩራ ባለ ቪላው፣ በአራተኛ ፎቅ ላይ በኪራይ የሚኖረው፣ በግንባታ ሥራ ከደቡብ የመጣው የቀን ሠራተኛና በሰው ቤት ተቀጥራ የምትሠራው ወጣት በአንድ ክልል ይኖራሉ። እነዚህ ሁሉ በአንድ መሠዊያ ዙሪያ የሚገናኙበት ስፍራ ከቁምስናቸው ሌላ የት አለ?

የመጓጓዣው ዋጋ

ነገሩን ይበልጥ የሚያከብደው ቀጥሎ የምንናገረው ነው። የቀድሞ ቤተ ክርስቲያንን የመምረጥ ነጻነት ለሁሉ እኩል አልተሰጠም። በ2008 ዓ.ም. የተከፈተው የቀላል ባቡር መስመር ከአያት እስከ ጦር ኃይሎች የተዘረጋ ሲሆን፣ ለብዙዎች መንገዱን አቅልሎላቸዋል። ቢሆንም ከቦሌ አራብሳ ጥግ ሦስት ልጆች አስከትላ የምትነሣ እናት ለደርሶ መልስ የምታወጣው ገንዘብ የሳምንቱን የአትክልት ወጪ ሊሆን ይችላል። ጉልበታቸው የደከመ አዛውንት፣ ከአልጋ የማይነሡ ሕሙማን፣ እሑድ ግማሽ ቀን ብቻ የሚፈቀድላቸው የቤት ሠራተኞች ደግሞ ገንዘብ ቢኖራቸውም ጊዜና አቅም የላቸውም።

ስለዚህ መኪና ያላቸው፣ የተማሩት፣ የቅዳሴ ዜማ የሚያውቁት፣ ለሥራ አመራር የሚበቁት ወደ መኻል ከተማ ሲሄዱ በሰፈር የሚቀሩት መሄድ ያልቻሉት ናቸው። የትምህርተ ክርስቶስ መምህሩ ረዳት ያጣል፤ ሕፃናት መዝሙር የሚያስጠናቸው ያጣሉ፤ ቅዱስ ቁርባን ወደ ሕሙማን ሲወሰድ ካህኑን ወደ የትኛው ብሎክ፣ ወደ የትኛው በር መግባት እንዳለበት የሚመራው ሰው ይጠፋል። ማንም ማንንም ለመበደል አላሰበም። እያንዳንዱ የወደደውን ብቻ አደረገ። ውጤቱ ግን ድኾች ለብቻቸው መቅረታቸው ነው።

ሐዋርያው ጳውሎስ የቆሮንቶስን ሰዎች የወቀሰው በዚህ ዓይነት ነገር ነው። ለጌታ እራት ሲሰበሰቡ ያለው አስቀድሞ ይበላል፤ የሌለው ይራባል፤ ስለዚህም ይህ የጌታ እራት አይደለም አላቸው። መድኃኒቱም አንዱ ሌላውን መጠበቅ ነበር (1ቆሮ. 11፣ 20-33)። የቆሮንቶስ ባለጸጎች ምናልባት ክፉ ሰዎች አልነበሩም። ጊዜ ስለ ነበራቸው ቀድመው መጡ፤ ምግብ ስለ ነበራቸው በሉ። ኃጢአታቸው ያልደረሰውን አለመጠበቅ ነው። እኛም «በአንድ መሠዊያ ቆርበናል» ከማለታችን በፊት ከአጠገባችን ያልደረሰ ማን እንደሆነ ልንጠይቅ ይገባናል።

በፈቃዱ የሄደና ሳይወድ የተነሣ

ነገር ግን አንድ ፍርድ ለሁሉ መስጠት ጭካኔ እንዳይሆንብን እንጠንቀቅ። ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ በመኻል ከተማ በተካሄደው የኮሪደር ልማት ነባር ሰፈሮች ፈርሰው ብዙ ነዋሪዎች ወደ ከተማዪቱ ዳርቻ ተዛውረዋል። ቤት ሠርቶ በደስታ የተዛወረ ሰውና ጎረቤቱን፣ ዕድሩን፣ የሠፈሩን ሱቅና የለመደውን ሁሉ በአንድ ጊዜ ያጣ ሰው እኩል አይደሉም። ለሁለተኛው ከቀድሞ ሕይወቱ ሳይፈርስ የቀረለት የቀድሞ ቤተ ክርስቲያኑ ብቻ ሊሆን ይችላል። ለእንዲህ ዓይነቱ ሰው «ክልልህ እዚህ ነውና ወዲህ ና» ማለት በቁስል ላይ ጨው መነስነስ ነው። እርሱ ልቡ እስኪያርፍ ድረስ ወደ ለመደው ቢመላለስ ማንም ሊነቅፈው አይገባም። የአዲሱ ሰፈር ምእመናን ግዴታ ደጁን አንኳክተው፣ ቡናውን አብረውት ጠጥተው፣ ስሙን ዐውቀው መጠበቅ ነው።

ስለዚህ ግዴታው በአቅም ልክ ነው። ብዙ የተሰጠው ብዙ ይፈለግበታል (ሉቃ. 12፣ 48)። መንገዱ የሚቀለው፣ ዕውቀቱና ጊዜው ያለው ሰው አስቀድሞ ሊተከል ይገባዋል፤ የቆሰለው ደግሞ አስቀድሞ ሊታከም ይገባዋል።

ምስጋናን በተመለከተም ከአገራችን ልማድ አንድ ትምህርት እናገኛለን። ልጅ ለአቅመ አዳም ወይም ለአቅመ ሔዋን ደርሶ ጎጆ ሲወጣ ወላጆቹን ከዳ አይባልም። በየቀኑ በእናቱ ቤት የሚበላ ባለ ትዳር ግን ቤቱን አልመሠረተም ይባላል። ለእናት ቁምስና የሚገባው ምስጋና በዓመት በዓሏ መገኘት፣ በችግሯ መርዳት፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ ከእርሷ የተማሩትን በሌላ ስፍራ መትከል ነው። ነባር ቁምስናዎችም የወጡባቸውን ልጆች እንደ ጠፉ በጎች አይቁጠሯቸው፤ መርቀው ይስደዱአቸው እንጂ። ትርፍ የመዝሙር መጽሐፍ፣ አልባሳት፣ የሠለጠነ መዘምር ያላት እናት ለልጇ ጥሎሽ ብትሰጥ ክብሯ ነው።

በአንድ መሠዊያ ዙሪያ

የአምልኮ ልማድ ልዩነትስ እንዴት ይሁን? በአገራችን የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን በግዕዝና በላቲን ሥርዓት ታመልካለች። አዲስ አበባ፣ ዓዲግራትና እ.ኤ.አ. በ2003 የተቋቋመው የእምድብር ሀገረ ስብከት የግዕዝ ሥርዓት ሲከተሉ፣ የደቡብና የምዕራብ ሐዋርያዊ መስተዳድሮች በአብዛኛው የላቲን ሥርዓት ይከተላሉ። በአዲስ ሰፈር ከዓዲግራት፣ ከጉራጌ፣ ከሐዲያ፣ ከከምባታና ከወላይታ የመጡ ቤተሰቦች በአንድ ግቢ ይገናኛሉ።

ሕገ ቀኖናው በዚህ ነገር ያጽናናናል፤ ምእመን ለረጅም ጊዜም ቢሆን በሌላ ሥርዓት ምሥጢራትን ስለ ተቀበለ ብቻ የራሱን ሥርዓት አያጣም። የሁለተኛው የቫቲካን ጉባኤም እ.ኤ.አ. በ1964 ስለ ምሥራቅ አብያተ ክርስቲያናት ባወጣው ድንጋጌ ሥርዓቶች ሁሉ በክብር እኩል መሆናቸውን አስተምሯል። እንግዲህ በሰፈሩ ቁምስና መሳተፍ ራስን መካድ አይደለም። ወላይታው የግዕዙን ዜማ ሲማር፣ የዓዲግራቱ ደግሞ የደቡብ ወንድሙን መዝሙር በእልልታ ሲቀበል አንዱ የሌላውን ሀብት ይወርሳል እንጂ ከራሱ አይጎድልም። የለመድነው ዜማ ወደ እግዚአብሔር የሚያደርስ መሰላል ነው፤ መሰላሉን ታቅፎ መቀመጥ ግን መውጣት አይደለም።

ከእኛ የሚጠበቅ

በ1999 ዓ.ም. በተካሄደው የሕዝብና ቤት ቆጠራ መሠረት ካቶሊካውያን ከአገራችን ሕዝብ 0.7 በመቶ ነበሩ። ስለዚህ በአንድ ብሎክ አንድ ካቶሊካዊ ቤተሰብ ብቻ ሊገኝ ይችላል፤ በሚቀጥለውም ብሎክ ሌላ አንድ። ሁለቱ ዓመታት ሳይተዋወቁ ሊኖሩ ይችላሉ። ይህን ግምት ውስጥ በማስገባት ለምእመናንና ለትምህርተ ክርስቶስ መምህራን የሚከተለውን እናሳስባለን።

1ኛ/ በመጀመሪያ መተዋወቅ ይቅደም። አዲስ የገባ ቤተሰብ ስሙን ለቁምስናው ያስመዝግብ። የትምህርተ ክርስቶስ መምህራንም ምእመናንን በየሰፈራቸውና በየብሎካቸው ለይተው ይወቁ፤ በተለይ ሕሙማንንና አዛውንትን።

2ኛ/ በየቤቱ የሚደረግ ጸሎት ይጠናከር። አገራችን አባል የሆነችበት የምሥራቅ አፍሪካ ጳጳሳት ጉባኤ እ.ኤ.አ. ከ1970ዎቹ ጀምሮ በትንንሽ ክርስቲያናዊ ማኅበረሰቦች ላይ ያተኮረው፣ ቤተ ክርስቲያን በጎረቤታሞች መካከል ሕያው እንድትሆን ነው። አምስት ቤተሰቦች በሳምንት አንድ ቀን ተሰብስበው መቁጠሪያ ቢደግሙና ወንጌል ቢያነቡ ግድግዳ ሳይቆም ቤተ ክርስቲያን ቆማለች። ጌታችን ሁለት ወይም ሦስት ሆነው በስሙ በሚሰበሰቡበት እንደሚገኝ ተስፋ ሰጥቷልና (ማቴ. 18፣ 20)።

3ኛ/ መኪና ያለው ምእመን ባዶ ወንበሩን ያስብ። ወደ ቁምስናውም ሆነ ለበዓል ወደ እናት ቁምስናው ሲሄድ መሄድ ያልቻለውን ጎረቤቱን ይዞ ይሂድ።

4ኛ/ ባልንጀርነታችን በካቶሊካውያን ብቻ አይወሰን። በሰፈሩ ዕድር ከኦርቶዶክሳውያን፣ ከፕሮቴስታንትና ከሙስሊም ጎረቤቶቻችን ጋር ሐዘንና ደስታ እንካፈላለን። ጎረቤቶቻችን ቤተ ክርስቲያናችንን የሚያውቋት በሕንፃዋ ከፍታ ሳይሆን በለቅሶ ቤት በምናሳየው ትጋት ነው።

ማጠቃለያ

ወደ ተነሣንበት ጥያቄ ስንመለስ መልሱ በአንድ ቃል የሚነገር አይደለም። የት እንደምንሄድ ስናስብ ብዙ ጊዜ ራሳችንን የምንጠይቀው «እኔ የት ደስ ይለኛል? ባልሄድ ምን ይቀርብኛል?» ብለን ነው። ይህ የተቀባይ ጥያቄ ነው፤ ነውርም የለበትም፤ ሁላችንም ከእግዚአብሔር ለመቀበል እንመጣለንና። በእምነት የጎለመሰ ክርስቲያን ግን ሌላ ጥያቄ ይጨምርበታል፤ ይኸውም «እኔ ባልገኝ ማን ይጎድልበታል?» የሚል ነው። በትልቁና በነባሩ ቤተ ክርስቲያን አንድ ሰው ቢቀር ወንበሩ ወዲያው ይሞላል። በትንሹ ማኅበር ግን የአንድ ቤተሰብ መቅረት የሕፃናቱን ትምህርት፣ የሕመምተኛዋን ጥየቃ፣ የካህኑን ብርታት ያጎድላል። ቁምስናችን የትኛዋ እንደሆነች የሚያመለክተን ከመቀመጫችን ይልቅ ይህ ጉድለት ነው።

ንጉሥ ሰሎሞን ያን ታላቅ ቤተ መቅደስ ሠርቶ ሲፈጽም ሰማይና ከሰማያት በላይ ያለው ሰማይ እንኳ እግዚአብሔርን ሊይዘው እንደማይችል በጸሎቱ መሰከረ (1ነገ. 8፣ 27)። ሐዋርያው ጴጥሮስም ምእመናን ራሳቸው ሕያዋን ድንጋዮች ሆነው መንፈሳዊ ቤት እንዲሆኑ ይመክራል (1ጴጥ. 2፣ 5)። ድንጋይ ለብቻው ያማረ ቢሆንም ግንብ አይደለም፤ ግንብ የሚሆነው ግንበኛው ባስቀመጠው ስፍራ ከአጠገቡ ካለው ድንጋይ ጋር ሲያያዝ ነው። ከአጠገቡ የትኛው ድንጋይ እንደሚሆን የሚወስነውም ድንጋዩ ሳይሆን ግንበኛው ነው።

በዕጣ ይሁን በኪራይ፣ በፈቃድ ይሁን በግድ ወደ ለሚ ኩራና ወደ ሌሎች አዳዲስ ሰፈሮች የገባችሁ ወንድሞችና እኅቶች፣ እግዚአብሔር ባስቀመጣችሁ ስፍራ ጎረቤት የሚሆናችሁን ሰው አስቀድሞ አዘጋጅቶ ይሆናል። አቂላንና ጵርስቅላን በስደታቸው የባረከ አምላክ ቤቶቻችሁን ይባርክ፤ የምትናፍቁትን ሳትረሱ የተሰጣችሁን እንድትወዱ ጸጋውን ያብዛላችሁ። አሜን።